መቼቱ መንዝና ሸዋ ሮቢት የሆነ የፍቅር ልቦለድ፤ አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ቆሜያለሁ

ጠያቂ (የመሐል ሜዳዋ)
ሰላም ለዚህ ቤት። ዘመኑ የአሁን የሆነ የፍቅር ልቦለድ ጀምሬያለሁ። ልጅቷ የመሐል ሜዳ፣ ልጁ የሸዋ ሮቢት ነው። በአራት ምዕራፍ ተያዩ፣ ተዋደዱ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አልመጣ አለኝ። የፍቅር ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ሐሳቡን ከየት ነው የሚያመጡት? ደግሞስ ስንት ገጽ መሆን አለበት?

ዘበሬሳ
እህቴ፣ የቆምሽው ምናብ አጥሮሽ አይደለም፤ እንቅፋቱን ሳትወስኚ ስለጀመርሽ ነው። ተዋደዱ ካልሽ በኋላ አንባቢ የሚጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፤ ታዲያ ለምን አይጋቡም? መልስ ከሌለሽ ታሪኩ እዚያው አለቀ። ብዙ ጀማሪ ይህን ክፍተት በአለመግባባት ይሞላዋል፤ ከሌላ ሴት ጋር አየችው፣ አኮረፈች፣ ሁለት መቶ ገጽ ተለያዩ። ዘመኑ የአሁን ከሆነ ግን ሁለቱም ስልክ ይዘዋል። አንድ ጥሪ የሚፈታውን እንቅፋት ጣይው።

ለእናንተ አገር ሰባት ቤትን የሚያህል እንቅፋት አይገኝም። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የሁለቱም ወገን ዘር ይቆጠራል፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ እስከ ሰባት። መሐል ላይ የጋራ ሰው ከተገኘ ነገሩ ይቆማል። ቆጠራው ያለው ደግሞ በአዛውንት አፍ ነው፤ ለደራሲ ጥሩው ነገርም ይኸው። አንዱ ሽማግሌ «ሰባት ሞልቷል፣ ይጋቡ» ሲሉ አንዲት አክስት ከጓዳ ብቅ ብላ «ኧረ አንድ ሴት ዘላችኋል» ካለች አንድ ሙሉ ምዕራፍ አገኘሽ። የልጁን ቅድመ አያት ከመንዝ ወደ ቆላ የወረደ ሰው አድርጊው፤ ዝምድናው ያኔ ያለ ምክንያት የመጣ አይመስልም።

አሁን አንድ ወረቀት ውሰጂ። የሁለቱንም ሐረግ እስከ ሰባት በስም ጻፊው፤ የት ላይ እንደሚገናኙ ምልክት አድርጊ። ከጎኑ ሦስት ነገር ጨምሪ፤ ማን ያውቃል፣ ማን ይደብቃል፣ የሚደብቀውስ ምን ለማትረፍ ነው? ሃያ አራት ምዕራፍ ካሰብሽ ጥርጣሬው ስድስተኛው አካባቢ ይምጣ፣ የሽማግሌዎቹ ክርክር አሥራ ሁለተኛው ላይ፣ እውነቱ ከሃያኛው አይዝለል። እውነቱን መጨረሻው ገጽ ላይ ድንገት የሚያወጣ ደራሲ አንባቢውን ያበሳጫል፤ አስቀድሞ ቢያንስ ሁለት ፍንጭ ተበትኖ መገኘት አለበት።

የጣርማበር ጉም
ዘበሬሳ ያለው ትክክል ነው፤ እኔ ሰዓቱን ልጨምር። ጥምቀት ላይ ይተያዩ (ሎሚ ውርወራውን ሁሉም ጽፎታል፤ ካስገባሽው አጭር ይሁን)። ከጥር 11 እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ ጠባብ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥሎሽ ተነጋግሮ ሰርጉ ካልደረሰ ጾሙ ይገባል፤ ከዚያ 55 ቀን ሰርግ የለም። ጥድፊያውን ራሱ የቀን መቁጠሪያው ሰጠሽ ማለት ነው። ጾሙ በየዓመቱ ስለሚዘዋወር ግን ታሪኩ የሚሆንበትን ዓመተ ምሕረት ወስኚና ባሕረ ሐሳቡን አስቆጥሪ። በጾም ድግስ የሚደገስበት ልቦለድ እጄ ላይ ከገባ አላነበውም።

ሐሳብ ከየት ይመጣል ላልሽው፣ ሲመጣ አይጠበቅም፤ ይለቀማል። ለትልልቅ እናቶች «ስለ ፍቅር ንገሩኝ» ካልሻቸው ይስቁብሻል። «መጀመሪያ የት ነው ያዩዋቸው? ምን ለብሰው ነበር? ማን ነው ቀድሞ ለቤተሰብ የነገረው?» ብለሽ ጠይቂ። ልብሱን ሲያስታውሱ የቀረው አብሮ ይወጣል። ስም፣ ቀበሌና የቤተ ክርስቲያኑን ደብር ቀይሪ፤ ሦስቱ ካልተቀየሩ ትንሽ ከተማ ውስጥ ባለታሪኳ በሳምንቱ ትታወቃለች።

አገሩንም በሰውነት አሳዪ። ልጅቷ ከመሐል ሜዳ ስትነሳ በሞላሌና በመዘዞ አድርጋ ጣርማበር ላይ ከደሴ መንገድ ትገናኛለች፤ ጣሊያን የቀደደውን ዋሻ አልፋ ወደ ደብረ ሲና ትወርዳለች። ከላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሮቢት ስትደርስ 1,300 ገደማ። ጠዋት ጋቢ ተከናንባ የተሳፈረች ልጅ ሮቢት ስትወርድ ጋቢዋን አጥፋ ይዛዋለች፤ ጋቢው ደግሞ የኩበት ጢስ ይሸታል። እሷ ሽታውን አታውቀውም፤ ለምዳዋለች። መጀመሪያ የሚያሸተው ልጁ ነው። ዓይኗ የኮከብ ያህል አበራ ከምትዪኝ ይህችን ብትጽፊልኝ እመርጣለሁ።

እህሉም እንዳይምታታ፤ በእሷ አገር ገብስና ባቄላ፣ በእሱ አገር ማሽላና ማንጎ ነው። ውርጩ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ይከፋል፤ ነሐሴ ላይ አታምጪው፣ ያኔ ያለው ዝናብና ጉም ነው።

ዘበሬሳ
አንድ ነገር ረስቼ። ወጣ ያለ ነገር ለማምጣት ተብሎ ጠለፋን እንደ ፍቅር መጀመሪያ የሚጽፉ አሉ፤ እባክሽ አትግቢበት። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ወንጀል ነው፤ ከዚያም አልፎ ልጁን ለመውደድ የተዘጋጀችውን አንባቢ በአንድ ገጽ ታጫታለሽ። የቆሎ ተማሪና የባላባት ልጅንም ተዪው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ቦታውን ይዞታል፤ ምንም ብታሳምሪው ከእሱ ጋር ያስተያዩሻል።

ጠያቂ (የመሐል ሜዳዋ)
እግዜር ይስጥልኝ። ልጅቷን የአሥራ ሰባት ዓመት አድርጌያት ነበር፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ችግር አለው?

የጣርማበር ጉም
አለው እንጂ። ለጋብቻ ሕጉ የሚጠይቀው 18 ዓመት ነው፤ ሽማግሌ ከላክሽባት ታሪኩ ያለዕድሜ ጋብቻ ይሆናል እንጂ የፍቅር አይሆንም። ሃያ ሁለት አድርጊያት፤ ሥራ ይኑራት። የራሷ ደመወዝ ያላት ልጅ «እምቢ» ስትል ክብደት አለው፤ ቤተሰብ ሲያስገድዳትም የምታጣው ነገር ይታያል።

አራሚ
የገጹን እኔ ልመልስ። ለመጀመሪያ መጽሐፍ 40,000 ቃል አካባቢ ይበቃል። በተለመደው የልቦለድ መጠን አንድ ገጽ ከ200 እስከ 220 ቃል ስለሚይዝ ከ180 እስከ 200 ገጽ ይወጣዋል። የማተሚያ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ በ16 ገጽ ስለሚታጠፍ መጨረሻው 192 ወይም 208 ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው፤ 195 ላይ ካቆምሽ ባዶ ገጽ ትከፍያለሽ።

ስትተይቢ በዩኒኮድ ይሁን። በድሮው የግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፈ ፋይል ቴሌግራም ላይ ወይም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል፤ አንዳንዱ አርታዒም እንደ አዲስ አስተይቦ ያስከፍላል። በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ አንባቢ ያመጣል። ነገር ግን ቢያንስ አሥር ምዕራፍ ታርሞ ሳይጠራቀም አትጀምሪ፤ አንዴ የለቀቅሽውን የአያት ስም በኋላ መቀየር አትችዪም፣ የሰባት ቤት ቆጠራ ያለበት ታሪክ ደግሞ በአንድ ስም ስህተት ይፈርሳል። ታሪኩን ሙሉውንም አትልቀቂው። የመጨረሻውን ሲሶ ለኅትመቱ አስቀሪ፤ አለዚያ ማን ይገዛዋል?

ንግግሩ ላይ የአገሩን አነጋገር ለአያቶቹ ስጪ፣ ለወጣቶቹ ቀንሺ። ሁሉም ገጸ ባሕርይ በአንድ ዓይነት ተረት የሚያወራ ከሆነ ማን እንደተናገረ አይለይም። ለመፈተሽ «አለ፣ አለች» የሚሉትን ሸፍነሽ ምልልሱን ብቻ ለሰው አንብቢ፤ ሰሚው ተናጋሪውን ካልለየ ያንን ምልልስ እንደገና ጻፊው።