በሴሌናይዱ ፒክ ግራና ቀኝ ያሉት ትንንሽ ፒኮች ምንድን ናቸው?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ ትራይፌኒልፎስፊንን ከሴሌኒየም ዱቄት ጋር በቶሉይን አፍልቼ ነጭ ክሪስታል (ትራይፌኒልፎስፊን ሴሌናይድ) አገኘሁ። በፎስፈረስ 31 ኤንኤምአር (የአቶም እምብርቶችን በማግኔት በሚያነበው ምርመራ) 35 ፒፒኤም (የፒክ ቦታ መለኪያ) አካባቢ አንድ ጉልህ ፒክ፣ ማለትም የምልክት ጫፍ፣ ወጣ፤ ሆኖም ከግራና ከቀኙ በእኩል ርቀት ሁለት ትንንሽ ፒኮች አሉ፤ ክሪስታሉን በኤታኖል ሁለት ጊዜ ባጠራውም አልጠፉም። ያንኑ ሥራ በቴሉሪየም ስሞክር ደግሞ ዱቄቱ እንዳለ ቀረ። ምክንያቱን የሚያስረዳኝ አገኝ ይሆን?

መልስ 1
በእነዚህ ፒኮች ምክንያት ከሆነ በከንቱ አይድከሙ፤ ቆሻሻ ሳይሆኑ የሴሌኒየሙ ፊርማ ናቸው። በተፈጥሮ ከሚገኘው ሴሌኒየም 7.6 በመቶ ገደማው ሴሌኒየም 77 ሲሆን፣ ከተፈጥሮ አይሶቶፖቹ (በክብደት ከሚለያዩት የሴሌኒየም አቶሞች) መካከል ስፒን፣ ማለትም እምብርቱን እንደ ትንሽ ማግኔት የሚያደርግ ባሕርይ፣ ያለው እርሱ ብቻ ስለሆነ፣ ከእርሱ ጋር የተሳሰረው ፎስፈረስ ፒክ ለሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ከጠቅላላው 3.8 በመቶ ያህል ይይዛል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 730 ሄርዝ ገደማ ነው፤ በ400 ሜጋ ሄርዝ መሣሪያ ፎስፈረስ በ162 ሜጋ ሄርዝ ስለሚነበብ ይህ 4.5 ፒፒኤም ይሆናል። ከተጠራጠሩ የማግኔት ጉልበቱ በተለየ መሣሪያ ያስነሡት፦ በፒፒኤም ያለው ርቀት ሲለወጥ በሄርዝ ያለው አይለወጥም። 29 ፒፒኤም አካባቢ ብቻውን የቆመ ፒክ ካለ ግን እርሱ ኦክሳይድ (በሴሌኒየም ፈንታ ኦክስጅን የያዘው ፎስፊን) ነው።

መልስ 2
ስለ ቴሉሪየሙ ልጨምር። ከፎስፈረስ ጋር ያለው ትስስር ከሴሌኒየም ይልቅ ደካማ ነው፤ ሦስቱ የፌኒል ቡድኖች ደግሞ የፎስፈረሱን ኤሌክትሮን የመለገስ አቅም ስለሚቀንሱ የትራይፌኒልፎስፊን ቴሉራይድን ለይቶ ማውጣት አይቻልም። እንደ ትራይቡቲልፎስፊን ያሉ አልኪል ፎስፊኖች ግን ቴሉሪየምን በሙቀት ያሟሙታል፤ ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል፣ አየርና ብርሃን ሲያገኘውም ጥቁር ቴሉሪየም ይዘቅጣል። የፎስፊኖቹን የለጋሽነት ልዩነት በዚያው በሁለቱ ትንንሽ ፒኮች መካከል ባለው የሄርዝ ርቀት ያገኙታል፦ ጠንካራ ለጋሽ የሆነው የትራይሜቲልፎስፊን ሴሌናይድ 680 ሄርዝ ገደማ ነው፤ ለጋሽነቱ በደከመ ቁጥር ቁጥሩ ያድጋል።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። ፒኮቹ 37.5 እና 33.0 ላይ ናቸው፤ መሣሪያችንም 400 ስለሆነ 729 ሄርዝ መጣልኝ። ወደ ታች ሳሰፋው ደግሞ 29 አካባቢ፣ ከመሠረቱ መስመር እምብዛም ያልራቀች፣ ጓደኛ የሌላት ጉብታ አለች፤ ለካ ማጥራት የነበረብኝ እርሷን ኖሯል።