የልጅነቴ የጌም ሙዚቃ ለምን ይሮጥብኛል?

የጨሞጋ_ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ አባታችን ከአዲስ አበባ ሲመለስ ቲቪ ጌም ይዞልን መጣ። ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ሽጉጥ፣ ብዙ ጌም ያለበት ቢጫ ካሴት። ክረምት ላይ ትምህርት ተዘግቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እኔና ታላቅ ወንድሜ ኮንትራ የሚባለው ጌም ላይ እንውላለን፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሙዚቃውን በአፋችን እየተቀባበልን እንቀጥላለን። የመጀመሪያውን ደረጃ ሙዚቃ እስከ ዛሬ ከነከበሮው በአፌ እወጣዋለሁ።

ሰሞኑን የጌሙን ሙዚቃ በኤንኤስኤፍ ፋይል አገኘሁትና ፉባር2000 በሚባለው የኮምፒውተር ማጫወቻ ከፈትኩት። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ሙዚቃው ይሮጣል። ዜማው ያው ነው፣ ድምፁም አልቀጠነም፣ ግን የሆነ ሰው ከኋላ የሚያባርረው ይመስላል። የማስታውሰው እኔ ተሳስቼ ነው ብዬ ባሕር ዳር ላለው ወንድሜ ላክሁለት፤ እሱም «ይሄ የኛ አይደለም፣ ቸኩሏል» አለኝ። ሁለታችንም በአንድ ዓይነት እንሳሳታለን?

ሌላው፣ ፋይሉ ውስጥ ያሉት ሙዚቃዎች ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ ነው የሚያሳየው። በአማርኛ ልሰይማቸው ብዬ ስሞክር ወይ ይቆረጣል ወይ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ደግሞ አንዱ ሙዚቃ አያልቅም፣ ዝም ብሎ ይዞራል። የምታውቁ እርዱኝ፣ ስልኬ ላይ አድርጌ መንገድ ላይ መስማት ነው የምፈልገው።

ሽቦ_ቀጣይ፦
ወንድሜ፣ አልተሳሳታችሁም። ጆሯችሁ ልክ ነው።

መጀመሪያ ኤንኤስኤፍ ምን እንደሆነ እንይ። የተቀዳ ድምፅ አይደለም። ከጌሙ ካሴት ውስጥ ሙዚቃውን የሚያጫውተው የፕሮግራም ክፍል ብቻውን ተቆርጦ የወጣ ነው። ድጓ ላይ ከቃሉ በላይ የተጻፈውን ምልክት አስበው፤ ምልክቱ ድምፅ የለውም፣ መሪጌታው አይቶ ሲያዜመው ነው ዜማ የሚሆነው። ፋይሉ ትንሽ የሆነውም ለዚህ ነው። ፉባር የማሽኑን ቺፕ አስመስሎ ፕሮግራሙን ያስኬደዋል።

አሁን ወደ ሩጫው። ይሄ ፕሮግራም ቴሌቪዥኑ አንድ ምስል በሳለ ቁጥር አንድ ጊዜ ይጠራል። በጃፓንና በአሜሪካ ቴሌቪዥን ይህ በሰከንድ 60 ጊዜ ገደማ ነው። የዚያን ጊዜ የእኛ አገር ቴሌቪዥን ግን ፓል በሚባለው አሠራር ነበር፣ በሰከንድ 50። ለእኛ ዓይነት ገበያ የሚሠሩት የፋሚኮም (የጃፓኑ ኒንቴንዶ የሠራው ዋናው ማሽን) ቅጂዎችም 50 እንዲሆኑ ተደርገው ነበር የሚመጡት፤ ሩሲያ ውስጥ ዴንዲ በሚል ስም የተሸጠው እንደዚያ ነበር። ካሴቱ ውስጥ ያለው ጌም ግን ለ60 የተጻፈው ነው፣ ማንም አላስተካከለውም። ስለዚህ 60 ሰከንድ የሚፈጀው ሙዚቃ እናንተ ሳሎን 72 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። ጌሙ ራሱም ቀስ ይላል፣ ሯጩም ጥይቱም።

ድምፁ ያልቀጠነበትን ምክንያትም ልንገርህ፣ እኔን በጣም የሚገርመኝ እሱ ነው። ካሴት ቴፕ ባትሪው ሲደክም ሁለቱም አብረው ይወርዳሉ፣ ፍጥነቱም ይዘገያል ድምፁም ይወፍራል። እዚህ ግን ድምፁን የሚወስነው የቺፑ የራሱ ምት ነው። የዋናው ማሽን 1.79 ሜጋኸርዝ ነው፣ የቅጂው 1.77፣ ልዩነቱ ከመቶ አንድ አይሞላም። ለጆሮ ያው ነው። የተለየው የመጠራቱ ብዛት ብቻ ነው።

መፍትሔው፦ ኤንኤስኤፍፕሌይ የሚባል ማጫወቻ አውርድ። ቅንብሩ ውስጥ ክልል የሚል አለ፣ ዴንዲ ላይ አስገድደው። ፋይሉን ራሱን መቀየር ከፈለግህ (ኮፒ አድርገህ፣ ዋናውን እንዳትነካው) የባይት ማረሚያ ፕሮግራም ከፍተህ ከዜሮ ጀምረህ ቁጠርና 110ኛውንና 111ኛውን ባይት እይ። እነሱ ፕሮግራሙ በየስንት ማይክሮ ሰከንድ እንደሚጠራ ይናገራሉ፤ ብዙውን ጊዜ 16666 ወይም 16639 ነው። አንተ 20000 ታደርገዋለህ፣ ማለትም የመጀመሪያውን ባይት 32፣ ሁለተኛውን 78 (ፕሮግራሙ ባይቱን በሄክስ ካሳየህ 20 እና 4E)። አለቀ። ፉባርም ስልክህም ያንን ያከብራሉ ብዬ እጠብቃለሁ፣ ሞክረውና ንገረኝ።

ዳሞቴዋ፦
የስሙን ነገር ለእኔ ተዉት፣ ብዙ ሌሊት የፈጀብኝ ጉዳይ ነው።

ኤንኤስኤፍ ፋይል ላይ ስም የሚጻፍበት ቦታ 32 ባይት ብቻ ነው፣ መጨረሻው ዜሮ ስለሚሆን የሚተርፍህ 31። ላቲን ፊደል አንድ ባይት ይይዛል፣ የእኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ኮድ ሦስት። ስለዚህ አሥር ፊደል ነው የሚገባው። «የመጀመሪያው ደረጃ» ብለህ ብትጽፍ ልክ 31 ባይት ሆኖ ልክክ ይላል፤ «ሙዚቃ» የሚል ብትጨምርበት ይቆረጣል። ደግሞ ቦታው ለጠቅላላው ፋይል አንድ ብቻ ነው፤ በውስጡ ያሉት ሙዚቃዎች ለየራሳቸው ስም የላቸውም። ብትለፋበትም ጥቅም የለው።

ስለዚህ እያንዳንዱን ሙዚቃ ለይተህ ፍላክ ወደሚባለው የድምፅ ፋይል ቀይረው። ፍላክ መለያውን (ስሙ፣ አልበሙ፣ አርቲስቱ የሚጻፍበትን) በዩቲኤፍ-8 ነው የሚይዘው፣ የርዝመት ችግር የለውም፣ ድምፁም አይጎድልም። ስልክህ ፍላክ ካልወደደ ኤምፒ3 አድርገው፣ ግን መለያውን በአይዲ3 2.3 (የኤምፒ3 መለያ ዓይነት ነው) በዩቲኤፍ-16 ኮድ ጻፈው። የድሮው የአይዲ3 የመጀመሪያው ዓይነት 30 ባይት ነው፣ ፊደላችንን አያውቅም፤ የጥያቄ ምልክት የሚመጣብህ ከዚያ ነው። ኤምፒ3ታግ የሚባለው ፕሮግራም ይበቃሃል።

አንድ ነገር ልብ በል። ስሙ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየህ አትደንግጥ፣ ፊደሉ በቦታው አለ፣ ስልኩ ግን ፎንት የለውም። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ፊደሉ ጠፍቷል፣ እንደገና መጻፍ አለብህ።

አልበም የሚለው ላይ የጌሙን ስም፣ አርቲስት የሚለው ላይ ሙዚቃውን የደረሰውን ሰው ስም አድርግ። እባክህ የማሽኑን ስም አርቲስት አታድርግ። ሱፐር ማሪዮን ኮጂ ኮንዶ ነው የደረሰው፣ በ1985 በፈረንጆቹ፤ በአራት የድምፅ መስመር ብቻ ያንን የሠራ ሰው ስሙ ሊጻፍለት ይገባል። ማስታወሻ ቦታው ላይ ደግሞ «50 ኸርዝ» ብለህ ጻፍ፣ ከዓመታት በኋላ የትኛው እንደሆነ ትረሳዋለህ።

የማያልቀው ነገር፦ ጌሙ ውስጥም አያልቅም፣ ተጫዋቹ ደረጃውን እስኪጨርስ ይዞራል። እኔ ሁለት ዙር አስኬድና በመጨረሻው ስምንት ሰከንድ ቀስ እያለ እንዲጠፋ አደርጋለሁ። አንድ ዙር ያንሳል፣ ሦስት ይሰለቻል።

የፍኖተሰላም_ጠጋኝ፦
ልጆች፣ እኔ እነዚህን ማሽኖች ብዙ ከፍቻለሁ። ውስጣቸው ብዙውን ጊዜ አንድ ጥቁር ጠብታ ነው፣ ሁሉም ቺፕ በሱ ሥር ተጠቅልሎ። አንድ የቀረ ነገር ልጨምር። ከቅጂዎቹ ብዙዎቹ ላይ ሁለት የድምፅ ቅርጾች ቦታ ተለዋውጠዋል። ሹል መሆን የነበረበት ክብ ይሆናል፣ ክቡ ሹል ይሆናል። ሙዚቃው ያው ነው ግን ጉሮሮው ሌላ ነው። ኤንኤስኤፍፕሌይ ላይ ይህን የሚያለዋውጥ ምርጫ አለ። ሁለቱንም ስማና የትኛው የቤትህ እንደሆነ ጆሮህ ይፍረድ።

የጨሞጋ_ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም! ጋሼ፣ በተለይ እርስዎ።

32 እና 78 አደረግኩት። ቀስ አለ። ቀጥሎ በኤንኤስኤፍፕሌይ ቅርጾቹን አለዋወጥኩና ያን ጊዜ ዝም ብዬ ቀረሁ፣ የእኛ ማሽን የተለዋወጠው ነው፤ ያ ትንሽ አፍንጫ ያለው የሚመስል ድምፅ እሱ ነው። በፍላክ አውጥቼ ስሙን «ኮንትራ፣ የመጀመሪያው ደረጃ፣ የቤታችን» አልኩት፣ ሙሉውን ያዘልኝ። ወንድሜ ጋ በቴሌግራም ላክሁት። መልስ አልጻፈም፣ ደወለ። ከበሮውን በአፉ እየመታ ነው ያነሳሁት።

አሁን ደግሞ የታንኩን ጌም መክፈቻ ካላገኘህልኝ ብሎ ይዞኛል። ጡብ እየሰበርን ንስሩን የምንጠብቅበት። ስሙን አላውቀውም።

የፍኖተሰላም_ጠጋኝ፦
ባትል ሲቲ ነው የሚባለው፣ የናምኮ፣ 1985 በፈረንጆቹ። እሱ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ዙር አትስጠው፣ አይዞርም። ስታወጣው ግን ለእኔም ላክልኝ።