የምድጃውን ሙቀት በምን እንቻለው?

ጥያቄ፣ ከፍኖተ ሰላም

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ዳቦ ቤት ነው። ምድጃው በባሕር ዛፍ እንጨት ይነዳል። ጣራው ባዶ ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። መጋቢት ከገባ ወዲህ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ውስጡ አያስቆምም። ሁዳዴ ስለሆነ በ9 ሰዓት ለሚፈቱት ትኩስ ዳቦ እንዲደርስ ደግሞ የምንጋግረው ልክ በቀትር ነው። እኛም ጿሚዎች ነን፤ እስከዚያ ውኃ አንቀምስም። ባለፈው ማክሰኞ አብራኝ የምትሠራው ልጅ የዳቦ ማውጫው እንጨት ከእጇ ወደቀና እሷም ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። ስሟን ስጠራት ቶሎ አልመለሰችልኝም። አሠሪያችን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፋን ገዝተውልን ነበር። ግን የምድጃውን ወላፈን ፊታችን ላይ ነው የሚያመጣው። እባካችሁ ምን እናድርግ?

መልስ፣ ዳቦ ጋጋሪ ከባሕር ዳር

እህቴ፣ ፋኑን ወደ ሰው አታዙሪው። መስኮት ላይ አድርጉና አየሩን ወደ ውጭ ይግፋው። በተቃራኒው በኩል ደግሞ በር ወይም መስኮት ክፈቱ፤ ቀዝቃዛው በዚያ ይገባል። ትኩስ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከጣራው ሥር፣ ከግድግዳው ጫፍ ላይ ቀዳዳ ቢከፈት ጥሩ ነው። እኛ ቆርቆሮውን ከላይ ነጭ ኖራ ቀባነው። ርካሽ ነው፤ ልዩነቱን በዚያው ቀን ታዩታላችሁ። ኮርኒስ ካሰባችሁ ግን ከምድጃውና ከጭስ ማውጫው ይራቅ፤ እሳት ነው።

ሰዓቱንም ለውጡ። ሌሊት 9 ሰዓት ጀምራችሁ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጨርሱ። ዳቦው ትንሽ በረድ ሲል በንጹሕ ጨርቅ ከተሸፈነ እስከ 9 ሰዓት ለስላሳ ነው።

መልስ፣ ነርስ ከደብረ ማርቆስ

እኔን ያሳሰበችኝ ልጅቷ ናት። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የጡንቻ መኮማተር ሲጀምር ወዲያው ጥላ ሥር ማረፍ ነው። ስሟ ተጠርቶ መመለስ ካቃታት፣ ንግግሯ ከተምታታ ወይም ራሷን ከሳተች ግን ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው። አውጧት፣ ልብሷን አላሉት፣ ቀዝቃዛ ውኃ መላ ሰውነቷ ላይ እያፈሰሳችሁ አራግቡላት፤ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት። ነፍሷን ሳታውቅ በአፏ ምንም አትስጧት።

በምድጃ ፊት የሚሠራ ሰው በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውኃ ያስፈልገዋል። ብዙ ካላበው ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ይጠጣ። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ፤ ማንኪያው ሳይቆለል፣ ልሙጥ ተደርጎ ይለካ። ጾሙን በተመለከተ፣ ልጅቷ የንስሐ አባቷን ታማክር። የታመመ ሰው በግድ ጹም አይባልም። መጾም የምትፈልጉ ደግሞ የቀትሩን ምድጃ አትያዙ።

መልስ፣ የመንገድ ሠራተኛ ከደጀን

ልጅቷ ለሥራው አዲስ ናት? የምጠይቅሽ አባይ በረሃ ስንወርድ የሚወድቁት አዲሶቹ ስለነበሩ ነው። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ቀን ትንሽ አሠሯት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ጨምሩላት። አንገት ላይ እርጥብ ፎጣ ጣል ማድረግም ነፍስ ይዘራል።

መልስ፣ የሕግ ባለሙያ

ባጭሩ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤና መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ ነው። በሰላም ተነጋገሩ። ካልሆነ ለወረዳው የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ። አዎ፣ ልጅቷ ገና 4ኛ ቀኗ ነበር። የመጣችው ከሰከላ ነው፤ ያ ብርድ አገር! ማንኛችንም አላሰብነውም። አሁን ሊጥ ማድበልበል ላይ ናት፣ ደኅና ነች። ፋኑን መስኮቱ ላይ አዙረነዋል፤ ቢያንስ ወላፈኑ ከፊታችን ሄደ። አሠሪያችንም ከሰኞ ጀምሮ ሌሊት እንግባ ብለዋል። ኖራው ግን ክረምት ሲገባ አይታጠብም?

ጋጋሪው ከባሕር ዳር

ይታጠባል። በየዓመቱ የካቲት ላይ ድገሙት። ቆርቆሮው ላይ ስትወጡ ግን ማለዳ ይሁን፣ ሚስማሩ ያለበትን መስመር ብቻ ርገጡ።