የመተንፈሻ እርዳታ ፕሮፖዛል፦ ሦስተኛ ረቂቅ፣ እስከ ረቡዕ አስተያየት

ሰብሳቢ፦ ረቂቁ ተያይዟል። ማስገቢያው ዓርብ ነው፣ እጃችን ላይ ያለው 640 ሺህ ብር ነው። ዓላማው ያው ነው። ትንፋሽ አጥሮት የገባ አዋቂ ሕመምተኛ ለመተንፈስ ምን ያህል እንደሚታገል ነርሶች በየሰዓቱ እንዲመዘግቡ ሦስት ቀን እናሠለጥናለን። ቅጽ እናሳትማለን። በተረፈው አንድ ሃይ ፍሎው፣ ማለትም ኦክስጅን በአፍንጫ በብዛት የሚነፋ ማሽን፣ እንገዛለን። ርዕስ፦ «ቁና ቁና ለሚተነፍሱ ሕሙማን ክትትል»።

አኔስቴዢያ (የማደንዘዣ ባለሙያ)፦ «ቁና ቁና» ይውጣ። ገንዘብ ሰጪ ፊት ይህን አንብቤ መሳቂያ አልሆንም።

የማታ ተረኛ፦ ምኑ ነው የሚያስቀው? ቤተሰቡ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ «ቁና ቁና ይተነፍሳል» ነው የሚለው። ሌላ ቃል ሰምተህ ታውቃለህ?

አኔስቴዢያ፦ ቁና የእህል መስፈሪያ ነው ሲስተር። ጤፍ አይደለም የምንሰፍረው። «የትንፋሽ ጣር» ይባል።

የማታ ተረኛ፦ ጣር?! ቅጹ እኮ አልጋው ላይ ነው የሚንጠለጠለው። እናቱ ታነበዋለች። ልጅሽ ጣር ላይ ነው ብለህ አንተ ንገራት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኛ እዚህ አሜሪካ «ወርክ ኦፍ ብሪዚንግ»፣ የመተንፈስ ልፋት፣ ነው የምንለው። እንዳለ ይግባና ይለቅ።

ገንዘብ ያዥ፦ የሲልቨር ስፕሪንግ መዋጮ ከሰኔ ጀምሮ አልገባም። ርዕስ ላይ ግን ቀድማችሁ ደረሳችሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ልኬያለሁ። ደረሰኙን ልለጥፈው?

ገንዘብ ያዥ፦ ለጥፊዋ!

ሥልጠና ኮሚቴ፦ ተረጋጉ። ቅጹን በአማርኛ እኔ አዘጋጃለሁ፣ ማክሰኞ እጃችሁ ይገባል።

የማታ ተረኛ፦ ርዕሱን ለአፍታ ተዉትና ለምን እንደጀመርነው ላስታውሳችሁ። ክረምት ላይ የሳንባ ምች የያዘው ጎልማሳ ነበረኝ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ሃይ ፍሎው ላይ ነው፣ ከሚስበው አየር ኦክስጅኑ 60 በመቶ፣ ሳቹሬሽኑ (የደሙ የኦክስጅን ሙሌት) 92 በመቶ። ሞኒተሩ ዝም ብሏል። ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠርኩ፣ 32። ጣቴን አንገቱ ላይ አሳረፍኩ። አየር በሳበ ቁጥር ጡንቻው እንደ ገመድ ይወጠራል። ከአንገት አጥንቱ በላይ ያለው ቦታ ጎድጎድ ይላል። ሁለት ቃል ተናግሮ ያርፋል። ካርዱ ላይ ግን ከኔ በፊት የነበረው ሰው የጻፈው «ሳቹሬሽን 92፣ ደህና ነው» የሚል ነው። ሒሳቡን ሥሩት። 92 ለ0.6 ሲካፈል 153፣ እሱ ለ32 ሲካፈል 4.8። ይህ ሮክስ የሚባለው መለኪያ ነው፤ 4.88 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቱቦ የማስፈለጉ ዕድል ያነሰ ነው ይላል። ሳይነጋ የመተንፈሻ ቱቦ ገባለት። ሳቹሬሽኑን 92 ላይ ያቆመው በገዛ ጉልበቱ ነበር፣ ጉልበቱን ደግሞ የመዘገበለት አልነበረም።

ዶክተር፦ ሐሳቡን እደግፋለሁ፣ ቁጥሩን ግን እንዳለ ቅጹ ላይ እንዳታሰፍሩት። 4.88 የመጣው ከስፔንና ከፈረንሳይ ሕመምተኞች ነው። እኛ ያለነው 2,300 ሜትር ላይ ነው፣ የአየር ግፊታችን ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። እዚህ ሳቹሬሽን ከመነሻውም ዝቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የበርሊን መስፈርት (ኤ.አር.ዲ.ኤስ. የሚባለው ከባድ የሳንባ ችግር መለያ) እንኳ ከ1,000 ሜትር በላይ ማስተካከያ ይጠይቃል። አንገቱን ማየትና ትንፋሹን መቁጠር ይቅደም። ቁጥሩ ሲወርድ ለሐኪም መጥሪያ ይሁን፣ ለቱቦ ትእዛዝ አይደለም።

አኔስቴዢያ፦ በዚህ እስማማለሁ። አጥብቆ የሚስብ ሰው ሳንባውን ራሱ ይጎዳዋል የሚለው ሐሳብም ገና አከራካሪ ስለሆነ እንደ ሕግ አይጻፍ። «ቁና» ግን አሁንም ይውጣ።

የማታ ተረኛ፦ ኧረ በናትህ!

ባዮሜዲካል (የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ)፦ ስለ ቃል ስትጨቃጨቁ ማሽኑን ማን አሰበው? ሃይ ፍሎው በደቂቃ 60 ሊትር ይነፋል። በ60 በመቶ ከዚያ ውስጥ 30 ሊትር ገደማው ንጹሕ ኦክስጅን ነው። ትልቁ ሲሊንደር 6,800 ሊትር ይይዛል። አራት ሰዓት አይሞላም። መቶ በመቶ ላይ ካደረጋችሁት ሁለት ሰዓትም አይቆይ። ከአየር ኦክስጅን የሚያጣራው ኮንሰንትሬተር ደግሞ በደቂቃ ከ10 ሊትር አያልፍም። አንድ ሰው ለማሳደር ከሦስት ሲሊንደር በላይ ልታንከባልሉ ነው፣ ያውም ያለ ጋሪ።

ሰብሳቢ፦ ይህ ለምን ቀድሞ አልተነገረም?

ባዮሜዲካል፦ ባለፈው ስብሰባ ተናግሬያለሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ «የቴክኒክ ሐሳብ ቀረበ» ተብሎ ታልፏል።

ዶክተር፦ ታዲያ ሲፓፕስ፣ በጭንብል አየር በግፊት የሚሰጠው? የሚበላው ኦክስጅን ያነሰውን መምረጥ ይቻላል።

የማታ ተረኛ፦ ሲፓፕ ቢሆንም ጭንብሉ ፊት ላይ ሲጠብቅ የሚነቅሉት አሉ። አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል። አንድ ነርስ ስንት አልጋ እንደምትይዝ ታውቃላችሁ። ለዚህም ነው ሥልጠናው ይቅደም የምለው።

ገንዘብ ያዥ፦ የሦስት ቀን ሥልጠና አበል ከነሻዩ 210 ሺህ ይላል። ይህን ፊርማዬን አላኖርበትም። ሲሊንደር ግን የሚታይ ነገር ነው። ፎቶ ይነሣል።

ባዮሜዲካል፦ ሬጉሌተርም (የሲሊንደር ግፊት መቆጣጠሪያ) ጨምሩ። ካሉት ግማሾቹ ያፈስሳሉ። ስታቢላይዘርም (የኤሌክትሪክ ማረጋጊያ)።

ሰብሳቢ፦ ሥልጠና ኮሚቴ፣ ቅጹ የት ደረሰ? ዛሬ ረቡዕ ነው።

ሰብሳቢ፦ ሥልጠና ኮሚቴ?

የማታ ተረኛ፦ ስልኩንም አያነሣም።

አኔስቴዢያ፦ ሲስተር፣ ያልኩሽ አንቺን ለመናቅ አይደለም። ያን ሌሊት እኔም ነበርኩ፣ ቱቦውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ቁና ቁና ይተነፍስ ነበር፣ አልክድም።

የማታ ተረኛ፦ ካልክ ይበቃኛል።

ሰብሳቢ፦ አራተኛ ረቂቅ። ስምንት ሲሊንደር፣ አራት ሬጉሌተር፣ አንድ ጋሪ፣ አንድ ስታቢላይዘር። ሥልጠናው ግማሽ ቀን፣ ያለ አበል። ሃይ ፍሎው ለሚቀጥለው ዓመት ይደር። ርዕስ፦ «የኦክስጅን አቅርቦት ማጠናከሪያ»።

የማታ ተረኛ፦ የመመዝገቢያ ቅጹስ?

ሰብሳቢ፦ አባሪ 2 ላይ አለ።

የማታ ተረኛ፦ ከፈትኩት። ባዶ ገጽ ነው።

አኔስቴዢያ፦ ርዕሱ አሁን ተስተካክሏል።

ገንዘብ ያዥ፦ የሲልቨር ስፕሪንግን ደረሰኝ እስካሁን አላየሁም።