የአፍጋኒስታን ሴቶች የቤት ውስጥ ትምህርት፦ ለእኛ ቀበሌ የሚሆነው የቱ ነው?

ጦሳ ማዶ
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ዙሪያ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ ትምህርት ቤቱ ሥራ አቁሟል። የቅሬው (የመንደሩ ዕድር) እናቶች ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ለነበሩ 24 ልጃገረዶች ቤት ውስጥ ትምህርት ሊያስጀምሩ ተስማምተዋል። አስተማሪዎቹ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ አንዷ ዲፕሎማ አላት፣ ሌላዋ 10ኛ ክፍል ጨርሳለች። የአፍጋኒስታን ሴቶች በታሊባን ጊዜ ይህንኑ ለዓመታት አስኪደውታል ይባላል። አሠራሩን የሚያውቅ ካለ ይንገረን፦ በአንድ ቤት ስንት ልጅ? በስንት ሰዓት? ምን ያፈርሰዋል? «የጽናት ተምሳሌት» የሚለውን ለማርች 8 የሴቶች ቀን ንግግር እንተወው።

ቦርከና
መጀመሪያ ሁለቱን የታሊባን ዘመን እንለይ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ከ1996 እስከ 2001 ካቡልን ይዘው ሲገዙ ለሴት ልጅ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ከሞላ ጎደል ተዘግቶ ነበር። ከ2021 ወዲህ ደግሞ እስከ 6ኛ ክፍል ይፈቀዳል፤ ከዚያ በላይ የለም። ማርች 23 ቀን 2022 ትልልቆቹ ልጆች ክፍል ከገቡ በኋላ በዚያው ጠዋት ወደ ቤት ተመለሱ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ዩኒቨርሲቲ፣ በ2024 ዲሴምበር የአዋላጅነትና የነርስነት ሥልጠና ተዘጋ። ስለዚህ የድሮው ቤት ከፊደል ጀምሮ ያስተምር ነበር፤ የዛሬው አልጀብራ ነው የሚያስተምረው። የእናንተ ከሁለተኛው ይቀርባል።

ቁጥሩን በተመለከተ፦ አፍጋናዊቷ ሳኪና ያቁቢ በ1995 የመሠረተችው የትምህርት ተቋም በመጀመሪያው ዘመን 80 የቤት ውስጥ ትምህርት ቤቶችን ይደግፍ ነበር፤ ተማሪዎቹ 3,000 ገደማ ነበሩ። አካፍሉት፤ በቤት 40 አይሞላም። ሄራት ከተማ ውስጥ ደግሞ «ወርቃማ መርፌ» በሚል የስፌት ትምህርት ቤት ስም ሴቶች ይሰበሰቡ ነበር። ስፌት የተፈቀደ ሥራ ስለነበር ከቦርሳው አፍ ላይ ጨርቅና መቀስ፣ ከሥሩ ደብተር። ውስጥ የሚሰጠው ሥነ ጽሑፍ ነበር፤ መንገድ ላይ የሚጫወቱ ሕፃናት ሰው ሲመጣ ምልክት ይሰጣሉ።

እናንተ መደበቅ አያስፈልጋችሁም። የእናንተ ጠላት ልጆቹን ከትምህርት የሚያስቀረው ውሃ መቅዳትና እንጨት መልቀም ነው። 4 በ4 ሜትር ክፍል ምንጣፍ ላይ 12 ልጅ ደብተር ዘርግታ ትጽፍበታለች፤ 24 ካስገባችሁ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው መጻፍ ያቆማሉ። 5ኛና 6ኛ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 5፡00፣ 7ኛና 8ኛ ከ8፡30 እስከ 11፡00። በገበያ ቀን ግን አትድከሙ፤ ማንም አይመጣም።

የወረኢሉ መንገድ
ቦርከና ቤቱ የት ይሁን የሚለውን ዘለለው፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። በአፍጋኒስታን ጎር ክፍለ ሀገር በ31 መንደሮች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ክፍሉ መንደሩ ውስጥ በተከፈተበት የሴቶቹ ምዝገባ በ52 መቶኛ ነጥብ ጨምሯል፤ ከወንዶቹ ጋር የነበረው ልዩነትም ሊጠፋ ደርሷል። ርቀት በአንድ ማይል፣ ማለትም በ1.6 ኪሎ ሜትር፣ በጨመረ ቁጥር ግን ምዝገባው በ16 ነጥብ ይወርዳል። ዳር ያለውን ሰፊ ቤት ትታችሁ መሐል ያለችውን ጠባብ ያዙ።

ሌላው፣ ሁለተኛ ቤት ከወዲሁ ይመረጥ። የመጀመሪያው ቤት ለቅሶ ወይም ሰርግ የገባበት ዕለት ትምህርቱ ይቋረጣል፤ ሦስት ቀን የተቋረጠ ደግሞ ሳምንት ይሆናል።

ጦሳ ማዶ
እግዜር ይስጣችሁ። ሬዲዮስ? እዚያ በሬዲዮ ይማራሉ የሚባለው እውነት ነው?

አዝዋ ገደል
እውነት ነው። ሬዲዮ ቤገም በማርች 8 ቀን 2021 ካቡል ውስጥ ተከፈተ፤ ከ7ኛ ክፍል በላይ ያለውን ትምህርት በዳሪና በፓሽቶ ያስተላልፋል። በፌብሩዋሪ 2025 ታግዶ በዚያው ወር ተመልሷል። ፓሪስ ካለው ስቱዲዮ የሚተላለፍ ቴሌቪዥንም አለው።

ሬዲዮ «ቆይ ድገምልኝ» አይባልም፤ ብዙው ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው። ስርጭቱ ከመጀመሩ 10 ደቂቃ በፊት አምስት ስድስት ቃላት ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ ሲያልቅ አንዷ ልጅ የሰማችውን ለሌሎቹ ታስረዳ። እሷ የሳተችውን ነው አስተማሪዋ የምታስተካክለው። ስልክ ላይ የተቀዳ ትምህርት ካገኛችሁ ይሻላል፤ በየመሐሉ ይቆማል።

ስም መያዝ ላይ ግን ከአፍጋኖቹ ተለዩ። እነሱ የስም ዝርዝር ይፈራሉ፤ ከዚህም የተነሳ በቤት የተማረችው ልጅ በእጇ የሚታወቅ ሰርተፊኬት የላትም። እናንተ ከመጀመሪያዋ ቀን መገኘትና ውጤት መዝግቡ፤ የጉድኝት ማዕከሉ (የአጎራባች ትምህርት ቤቶች ማዕከል) ሱፐርቫይዘር በየወሩ ይፈርምበት። 8ኛ ክፍሎቹ ክልላዊ ፈተና አለባቸው፤ ምዝገባው ካመለጣቸው ዓመቱ ባከነ ማለት ነው።

ቦርከና
ደመወዝም አይረሳ። በነጻ የምታስተምር ሴት አጨዳ ሲመጣ ትቀራለች፤ ልትወቀስም አይገባም። ቅሬው በየቤቱ በወር አንድ ቁና እህል ቢያዋጣ፣ ወይም የእሷን አጨዳ በጅጌ (በደቦ) ቢያነሳላት ይበቃል።

የወረኢሉ መንገድ
ሰሌዳውን ኮምፔርሳቶ ገዝታችሁ ጥቁር ቀለም ልትቀቡ ከሆነ፣ የሚያብለጨልጨውን ቀለም አትግዙ። ጠመኔ አይዝም፤ ከመስኮት የሚገባው ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ ዳር የተቀመጠችው ልጅ አታነብም። የማያብለጨልጨውን ሁለት ጊዜ ቀቡና በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ከመጻፋችሁ በፊት ጠመኔውን በጎኑ አጋድማችሁ ሰሌዳውን ሙሉ ቀቡትና በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ይህን ካላደረጋችሁ የመጀመሪያው ቀን ጽሕፈት ጥላው ሰሌዳው ላይ ይቀራል።

ጦሳ ማዶ
ቀለሙ እኮ ተገዝቷል፤ የሚያብለጨልጨው ነው። 😅

የወረኢሉ መንገድ
አትጣሉት። ከደረቀ በኋላ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በስሱ ፈትጉት፤ ነጸብራቁ ይሞታል፣ ጠመኔም ይይዛል።