ምርቃት ሲመጣ ዝም ማለት ይቻላል?

ደሴ ነው የምኖረው፣ ከእናቴ ጋር፣ ተከራይ በሞላበት ግቢ። ሜዲቴሽን ከጀመርኩ ቆየሁ፤ አሁን ሞውና የሚባለውን የዮጋ ዝምታ እሁድ እሁድ ከጠዋት እስከ ምሳ መያዝ ፈልጌ ነው። መቀመጡስ አይከብድም፤ ችግሩ ቡናው ነው። እኛ ወሎዎች ቡና ላይ ዝም ያለ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተቀይሟል እንላለን። እናቴ ስኒውን ዘርግታ «ማን አስቀየመህ?» ትለኛለች።

ለቤቱ ሰዎች አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር፤ «እሺ» ብለው አቦሉ ሲቀዳ ይረሱታል። ክፍሌን ስዘጋ በሩ ይንኳኳል። ለእናቴ በወረቀት ጻፍኩላት፤ ፊደል ስለማትለይ ጎረቤት ጠርታ አስነበበች፣ ወሬው ግቢውን ሞላው። (ዱዓ ያደረጉልኝም አሉ፣ አልከፋኝም።)

ጋንዲ ሰኞ ሰኞ ዝም ሲል በጽሑፍ ይግባባ ነበር። ቪፓሳና በሚባለው የሜዲቴሽን ዓይነት የ10 ቀን ሥልጠና ላይ ግን ተሳታፊዎች እርስ በርስ በጽሑፍም በምልክትም አይነጋገሩም፤ ለጥያቄ አስተማሪውን ማናገር ይፈቀድላቸዋል። ሁለቱም ለእኔ ቤት አልሆኑም። ቡናው ሲያልቅ ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ ሲመርቅ ደግሞ «አሚን» አለማለት ነውር ነው።

ከቤተሰብ ጋር እየኖራችሁ ዝምታን የምትለማመዱ፣ ለሰላምታና ለምርቃት ብቻ አፍ መክፈት ልምምዱን ያፈርሰዋል?