ኢፒዱራል ላይ ያለ ታካሚ ግፊቱ ሲወርድ ጥፋቱ የፈንታኒሉ ነው?

ጠያቂ (ዋርድ ነርስ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ64 ዓመት ታካሚ፣ ከሆድ ቀዶ ሕክምና ከወጣ 6 ሰዓቱ ነው። በጀርባ በኩል በደረት ደረጃ በገባ ኢፒዱራል (ከሕብለ ሰረሰር ሽፋን ውጭ በቀጭን ቱቦ የሚሰጥ ማደንዘዣ) 0.1% ቡፒቫኬይን (ነርቭ የሚያደነዝዝ መድኃኒት)፣ በሚሊ ሊትር 2 ማይክሮግራም ፈንታኒል (የሞርፊን ዘር ማስታገሻ) ተጨምሮበት፣ በሰዓት 8 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። ግፊት 84/48፣ ልብ ምት 50፣ ትንፋሽ 14። ሲጠሩት ጥርት አድርጎ ይመልሳል። ናሎክሶን (የፈንታኒልና የሞርፊንን ሥራ የሚሽረው) ይሰጠው?

መልስ 1፦ አይ ሲስተር፣ ናሎክሶኑ ይቆይ። በሰዓት 16 ማይክሮግራም ፈንታኒል ብቻውን ግፊት እንዲህ አይጥልም። የሚጥለው ቡፒቫኬይኑ ነው፦ ሲምፓቴቲክ ነርቮችን (የደም ሥሮችን አጥብበው የሚይዙትን) ሲያደነዝዝ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ያንሳል። ድንዛዜው ከቲ4 (ከአራተኛው የደረት ነርቭ ደረጃ) በላይ ከወጣ ልብን የሚያፋጥኑትንም ይይዛል፤ ምቱ የቀነሰው ለዚህ ይሆናል። ናሎክሶን ይህን አይነካም፣ ሕመሙን ብቻ ይቀሰቅሳል።

ፓምፑን አቁሚ፣ ኦክስጅን አድርጊ፣ እግሩን ከፍ አድርጊ (ራሱን አታዘቅዝቂ)፣ ሪንገር 250 ሚሊ ሊትር በፍጥነት ስጪ፣ ሰመመን ሰጪውን ጥሪ። ኤፌድሪን (ግፊትንም ምትንም የሚያነሳ) 6 ሚሊ ግራም፤ የ30 ሚሊ ግራም አምፑል በሳላይን 10 ሚሊ ሊትር ከሞላ 2 ሚሊ ሊትሩ ማለት ነው። አምፑሉን አንብቢ፣ ባለ 50ም አለ። ምቱ ካልተነሳ አትሮፒን 0.6 ሚሊ ግራም። ፌኒሌፍሪን ግፊት ቢያነሳም ምትን ይበልጥ ስለሚያዘገይ እዚህ ላይ አይመረጥም።

መልስ 2፦ ከዚያው ጎን ለጎን መድማቱን ፈልጉ። ዋናው ወጥመድ እሱ ነው፤ ከፍ ያለ ብሎክ (ድንዛዜ) ካለ የሚደማ ሰው እንኳ ልቡ ላይፈጥን ይችላል። ድሬኑን (የፈሳሽ ማውጫ ቱቦውን)፣ ፋሻውን፣ የሆዱን መወጠር እዩ። ሽንት በሰዓት በኪሎ ከ0.5 ሚሊ ሊትር በታች ነው? ሄሞግሎቢን መጀመሪያ ላይ ደህና መስሎ ያታልላል።

መልስ 3፦ ድንዛዜው የት እንደደረሰ ለማወቅ በረዶ በጓንት ጣት ውስጥ አድርጋችሁ ቆዳውን ንኩ፤ ቅዝቃዜው የማይሰማው ቦታ የደነዘዘው ነው። የጡት ጫፍ ቲ4፣ እምብርት ቲ10 ነው። እግሩንም ያንቀሳቅስ። በደረት ኢፒዱራል እግር በድንገት ከዛለ ካቴተሩ (ቱቦው) ወደ ሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ፓምፑ ቆሞ በ4 ሰዓት ውስጥ ጉልበቱ ካልተመለሰ ደግሞ ሄማቶማ (ሕብለ ሰረሰርን የሚጫን የደም ቋጠሮ) ይጠርጠርና አስቸኳይ ኤምአርአይ ይታዘዝ።

ጠያቂ፦ ሞርፊን ብቻ ቢሆንስ?

መልስ 1፦ ኢፒዱራል ሞርፊን 3 ሚሊ ግራም ልብና ግፊት ላይ ብዙ አያደርግም። የሚያስፈራው ትንፋሽ ነው፤ ውሃ ወዳድ ስለሆነ በሕብለ ሰረሰር ፈሳሹ ቀስ ብሎ ወደ አንጎል ይወጣል፣ ከሰዓታት በኋላም ያፍናል። 24 ሰዓት ትንፋሽና ንቃት ይቆጠር። ትንፋሹ ከ8 ወርዶ ታካሚው ከፈዘዘ ያኔ ናሎክሶን፣ በ40 በ40 ማይክሮግራም እየከፈላችሁ። ፔቲዲን ግን ለየት ይላል፤ እሱ ራሱ የማደንዘዝ ጠባይ ስላለው ግፊት ይጥላል።